የወረቀት ገንዘብ የማውጣት መብት በኢትዮጵያ፦ ከግል ባንክ ወደ ብሔራዊ ባንክ

በአሁኑ ጊዜ በኢትዮጵያ የብር ኖቶችንና ሳንቲሞችን የማውጣት ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹን የወረቀት ገንዘቦች ያወጣው መንግሥት ሳይሆን በአክሲዮን የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአቢሲኒያ ባንክ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1905 ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ስምምነት ለአዲሱ ባንክ ለ50 ዓመታት የሚቆይ ብቸኛ የባንክ ሥራና ገንዘብ የማውጣት መብት ሰጡ። ባንኩ በ1906 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ፤ የወረቀት ገንዘቦቹንም በ1915 አወጣ። ሆኖም ሕዝቡ የለመደው ጠገራ ብርን ነበር። ጠገራ ብር በያዘው የብር ማዕድን ዋጋ ሲኖረው፣ ወረቀቱ ግን የባንኩ የክፍያ ግዴታ ብቻ በመሆኑ ዋጋው የሚጸናው አውጪው በታመነ መጠን ነበር። በዚህም ምክንያት ኖቶቹ ከአዲስ አበባ ነጋዴዎች አልፈው በስፋት አልተዘዋወሩም።

መብቱ ወደ መንግሥት መመለሱ

የገንዘብ ጉዳይ የአገር ሉዓላዊነት ጉዳይም በመሆኑ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን ገዝቶ በ1931 በኢትዮጵያ ባንክ ተካው። አዲሱ ባንክ በ1932 የራሱን ኖቶች ያወጣ ቢሆንም በጣሊያን ወረራ ሥራው ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ፣ በ1945 በወጣው የገንዘብ አዋጅ አዲስ ብሔራዊ ገንዘብ ሥራ ላይ ዋለ። በአዋጅ ቁጥር 206/1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ1964 ሥራ ሲጀምር ገንዘብ የማውጣቱን ኃላፊነት ተረከበ።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

• በ1994 በወጣው አዋጅ የግል ባንኮች ዳግም ተፈቅደዋል፤ ገንዘብ የማውጣት መብት ግን አልተሰጣቸውም።
• በአሁኑ ጊዜ አቢሲኒያ ባንክ በሚል ስያሜ የሚሠራው የግል ባንክ በ1996 የተቋቋመ ሲሆን ገንዘብ አያወጣም።
• ኖቱን የሚከፍለው ማንኛውም ባንክ ቢሆን፣ በኖቱ ላይ የሚገኘው ስም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።
• ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራትና ማዘዋወር በወንጀል ያስቀጣል። የሚያጠራጥር ኖት ያገኘ ሰው ለሌላ ሳያስተላልፍ ለባንክ ወይም ለፖሊስ ማሳየት ይኖርበታል።