ወታደሩን ፍለጋ የወጣ ርዳታ



ጦርነት ሲያበቃ መሣሪያው ተቈጥሮ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ወታደሩ ወዴት እንደሚገባ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን፥ ዘምተው ከተመለሱ በኋላ ቤት አጥተው በጎዳና ለሚያድሩ ወታደሮች የተደረገውን ርዳታ ታሪክ ባጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀድሞው ዘመን ርዳታ ማለት ሕንፃ ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1670 ለቈሰሉና ለአረጁ ወታደሮች በፓሪስ ታላቅ ማረፊያ እንዲሠራ አዘዘ። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛም በ1682 በለንደን፥ ቼልሲ በተባለው ስፍራ፥ ይህንኑ የመሰለ ቤት አቋቋመ። ሁለቱም ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ነገር ግን ከበሩ መድረስ ያልቻለውን ወታደር፥ ግንቡ ተነሥቶ ሊፈልገው አይችልም።

በአሜሪካ ደግሞ በ1932፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ብዙ ሺህ ሥራ አጦች፥ ቃል የተገባላቸው ገንዘብ ከቀጠሮው አስቀድሞ እንዲከፈላቸው ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን መጥተው ሰፈሩ። መንግሥትም ሠራዊት አዝዞ አስወጣቸው፤ ሰፈራቸውም ተቃጠለ።

ከ56 ዓመት በኋላ በዚያው አገር፥ በሳን ዲዬጎ ከተማ፥ ድንኳን የተተከለው ለሌላ ዓላማ ነው። በቬትናም ዘምተው የነበሩ ሰዎች፥ ጓደኞቻቸው በየመንገዱ መውደቃቸውን አይተው፥ በ1988 ለሦስት ቀን የሚቈይ ሰፈር አቋቋሙ። ስሙንም «ስታንድ ዳውን» አሉት፤ ይኸውም በጦር ግንባር የደከመ ወታደር አደጋ ወደሌለበት ስፍራ ተመልሶ የሚያርፍበት ጊዜ ማለት ነው። ምግቡ፥ ልብሱ፥ ሐኪሙና የሕግ ዐዋቂው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተገኙ። በ1989 ዳኛም በዚያው ተቀመጠ። በጎዳና በማደሩ ተከስሶ መቀጫ መክፈል ያልቻለ ሰው፥ ክሱ ካልተዘጋለት ሥራም ቤትም ለማግኘት ይቸገር ነበርና፥ ሕክምና መጀመሩ ወይም ሥራ መማሩ ስለ መቀጫው ይታሰብለት ጀመር።

መንግሥትም ይህን መንገድ ተከተለ። በ1992 በተጀመረው ዕቅድ የቤቶች መሥሪያ ቤት ከኪራዩ ከፊሉን ሲከፍል፥ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰውየውን በቤቱ እየጎበኘ የሚረዳ ሠራተኛ መደበ። በ2010 በአንድ ሌሊት ቈጠራ ከ74 ሺህ በላይ ቤት አልባ የቀድሞ ወታደሮች ተገኝተው ነበር፤ በ2024 ቍጥሩ ወደ 33 ሺህ ገደማ ወረደ። ሥራው አላለቀም፤ ነገር ግን ያለ ፍሬ አልቀረም።

አድማጮች ሆይ፤ የአእምሮ ሕመም ያደከመው፥ ኀፍረት የያዘው፥ የስንብት ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ከመስኮታችን ፊት ተሰልፎ አይገኝም። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ለምናገለግል ሁሉ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ባለጉዳዩ አለመምጣቱ ጉዳዩ የሌለ መሆኑን አያስረዳም። አንዳንድ ጊዜ ከወንበር ተነሥቶ መንገድ መውጣት ያስፈልጋል።