የአባቶች መልክ በወረቀት ላይ፤ ስለ አሮጌ የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች አጠባበቅ

በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ጥበቃ ከመጽሐፉ ጋራ አብሮ የተወለደ ሥርዐት ነው። ጸሓፊው ብራናውን ፍቆ፥ ቀለሙን በጥብጦ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፥ ደጓሹ በገበታ ያስረዋል፤ ከዚያም በቆዳ ማኅደር ይገባና በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በዚያ ተሰቅሎ ሳለ የመሬት እርጥበት አይነካውም፥ ፀሓይም አያየውም። ብዙ መቶ ዓመት የኖሩ መጻሕፍት በየገዳማቱ እስከ ዛሬ የቈዩት ቀላል በሚመስለው በዚህ ጥበብ ጭምር ነው። ፎቶግራፍ ግን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ያለ ማኅደሩ ነው። ሥዕሉ ከባለቤቱ እጅ ሲደርስ የአጠባበቁ ሥርዐት አብሮት አልደረሰም። ስለዚህ የቅድመ አያት ዳዊት ጤናማ ኾኖ በሚገኝበት ቤት፥ የአያት ፎቶግራፍ ገርጥቶና ፊቱ ጠፍቶ መገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ፎቶግራፍ በአውሮፓ ለሕዝብ የተገለጸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በመቅደላ ተራራ ሥር ታየ። በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋራ የመጡ የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች፥ ካርታና ንድፍ ለማባዛት ባመጡት መሣሪያ አገሩንና ሰዉን፥ አምባውንም አነሡ። ከዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፍ አልተገኘም፤ የንጉሡ መልክ የሚታወቀው ሠዓልያን ከሠሩት ብቻ ነው። የልጃቸው የደጃዝማች ዓለማየሁ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። አባቱን በመቅደላ፥ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በጕዞ ላይ ያጣው የሰባት ዓመት ሕፃን፥ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ብቻውንም፥ አሳዳጊው ኾኖ ከተሰጠው ከካፒቴን ስፒዲ ጋራም ተነሣ። ልጁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዐፅሙም እስከ ዛሬ በዊንድዘር ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የልጁ ዐይን ግን የሚያየውን ሰው ኹሉ እንደ ትናንት ያያል። ወረቀቱ በእንቍላል ነጭ የተቀባ ደካማ ነገር ነው፤ የኖረውም ጨለማና ቀዝቃዛ በኾነ ሣጥን ውስጥ ስለ ተቀመጠ ነው። ዐፅሙን አገሩ ለምኖ ሲከለከል መልኩ ግን ለሚሻው ኹሉ መታየቱ፥ አንድ ወረቀት በደኅና ሲጠበቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ተስፋፋ። በ1871 ዓ.ም. የመጣው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በሥራው መካከል ብዙ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ስብስቡም ዛሬ በዙሪክ ይገኛል። ከእርሱም በኋላ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ኾነ፤ ልጆቹም ሃይጋዝና ቶርኮም ሥራውን ተከታትለው ስለ ወረሱ፥ ከምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ያሉት ነገሥታትና መኳንንት መልካቸውን ለአንድ ቤተ ሰብ ዐደራ የሰጡ ያኽል ነው። ፎቶግራፍ በመንግሥት ነገር ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፥ እስላም ለብሰው የተነሡት ነው የተባለ ፎቶግራፍ እንደ ማስረጃ ይታይ ነበር፤ ሥዕሉ በእጅ የተቀነባበረ ነው የሚሉም አሉ። የወረቀት ምስክርነት መመርመር እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ከመኳንንቱ ቀጥሎ የከተማው ሰው ተራ ደረሰ። በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ነጋዴው፥ ጸሓፊው፥ ካህኑም ወደዚያ ይሄድ ዠመር። በስተኋላው አበባና ዐምድ የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጋል፤ ባል በወንበር ይቀመጣል፥ ሚስት በአጠገቡ ትቆማለች፤ ካህን ከኾነ መስቀሉን ይይዛል። ዛሬ እነዚህን ሥዕሎች የሚመረምር ሰው ከፊት ይልቅ ከልብስና ከዕቃ ብዙ ይማራል። ኒሻኑ የትኛው እንደ ኾነ፥ ካባው የማን ማዕርግ እንደ ኾነ፥ ጥቍር የለበሰችው ሴት የማንን ሐዘን እንደ ለበሰች የሚያውቅ ሽማግሌ በቤቱ ካለ፥ የሥዕሉ ዘመን በጥቂት ዓመት ልዩነት ሊታወቅ ይችላል። ሥዕሉ የተለጠፈበት ካርቶንና በግርጌው የታተመው የፎቶ ቤቱ ስምም እንደዚሁ ይመሰክራሉ። ስለዚህ ሥዕሉ በመስተዋት ክፈፍ አልገባ ሲል ካርቶኑን በመቀስ መቍረጥ፥ የመጽሐፍን መቅድም ቀድዶ እንደ መጣል ነው።

ጥበቃውን ለማወቅ ፎቶግራፍ ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ይገባል። አብዛኛው የጥቍርና ነጭ ሥዕል እጅግ የደቀቀ ብር ነው፤ ብሩም ከወረቀቱ ላይ የተያዘው ጌላቲን በሚባል ሙጫ መሳይ ነገር ነው። ጌላቲን ከእንስሳ ቆዳና ዐጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ስለ ኾነ፥ ፎቶግራፍ ከብራና ጋራ ዘመድ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ጠባያቸውም ይመሳሰላል፤ ኹለቱም ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፥ ሲደርቁ ይኰማተራሉ፥ በእርጥበት ውስጥ ሲቈዩ ሻጋታ ያወጣሉ። በክረምት ወራት መስተዋት ላይ ተጣብቆ የነበረን ሥዕል በጉልበት ለማላቀቅ የሞከረ ሰው፥ የአባቱ ፊት ከወረቀቱ ተልጦ በመስተዋቱ ላይ ሲቀር አይቶ አልቅሷል። ብሩ ደግሞ እንደ ማንኛውም ብር ይጠቍራል፥ ይዝጋልም፤ የማገዶ ጢስና የመኪና ጢስ ያበላሹታል። ፎቶግራፍ አንሺው ቸኵሎ መድኀኒቱን በውሃ አጥቦ ካልጨረሰው፥ የቀረው መድኀኒት ሥዕሉን ከውስጥ እየበላ ቢጫ ያደርገዋል። ባለ ቀለሙ ሥዕል ከዚህ ይብሳል። እርሱ ብር የለበትም፥ ቀለም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብርሃን ሲያገኘው በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ቀይ ወይም ቢጫ ይኾናል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተነሡ የሠርግ ሥዕሎች ከአያቶቻቸው ሥዕል ቀድመው ማርጀታቸው ስለዚህ ነው።

የሚጠሉት ነገር ከታወቀ የሚወዱት ግልጽ ነው። የሚወዱት ጨለማ፥ ደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ነው፤ የደጋ ሰው ቤት ለዚህ ከቈላው ቤት ይመቻል። በመኝታ ቤት ከፍ ባለ ስፍራ፥ ከውጪው ግድግዳና ከመሬት ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሣጥን ከኹሉ ይበልጣል። የወጥ ቤት ጎረቤት የኾነ ግድግዳ ግን አይኾንም። ብዙ ሰው የቤተ ሰቡን ሥዕል ከሥዕለ አድኅኖ ጎን ይሰቅላል፤ አሳቡ ደግ ነው፥ ነገር ግን በየቀኑ የሚጤሰው ዕጣን ለጸሎት እንጂ ለብር አይስማማውም። ሥዕሉን በእጅ ሲይዙ ከጠርዙ መያዝ፥ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይገባል፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ግን ፈጽሞ አይገባም። ሙጫ፥ ፕላስተር፥ መርፌ ቍልፍና የሽቦ ማያያዣ ኹሉ ጠላቶቹ ናቸው። በጠረጴዛ መስተዋት ሥር ማኖርና በፕላስቲክ አሽጎ መቀቀልም እንደዚሁ ነው፤ በተለይ ይህ ማሸግ ተመልሶ የማይፈታ ስለ ኾነ ከኹሉ የከፋ ነው። ገጹ ተጣባቂ የኾነ የአልበም ዐይነትም በ1970ዎቹ ብዙ ቤት ገብቶ ብዙ ሥዕል አበላሽቷል። አሲድ በሌለው ወረቀት አንድ አንዱን መጠቅለል ከተቻለ እጅግ ጥሩ ነው፤ ካልተቻለም ንጹሕ ነጭ የጽሕፈት ወረቀት ከጋዜጣ ይሻላል።

በለቅሶ ላይ የሟቹን ፎቶግራፍ ከክፈፉ አውጥቶ ይዞ ማልቀስ፥ በእጅ ማሻሸትና መሳም የቈየ ልማድ ነው። ይህን ልማድ አትድረጉ ማለት ከባድ ነው፤ ሐዘንተኛ ሕግ አይሰማምና። ነገር ግን ከሠልስት በፊት ሌላ ቅጂ አሳትሞ ለለቅሶው ያንን ማዋልና ዋናውን ከሣጥኑ አለማውጣት ለማንም አያዳግትም።

ከአጠባበቁ ኹሉ በላይ የሚረሳው ግን ስም ነው። ደኅና ኾኖ የተገኘ፥ ነገር ግን ማን እንደ ኾነ የማይታወቅ ሥዕል ለቤተ ሰቡ ግማሽ ጥፋት ነው። ስሙ የሚጻፈው በሥዕሉ ጀርባ፥ በጠርዙ በኩል፥ ሥዕሉን በጠንካራ ገበታ ላይ አስተኝቶ በለስላሳ እርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ይዘልቃል፥ ጫን ብሎ የጻፈ እጅም ፊቱን ያሳብጠዋል። ስም ሲባል ከአባትና ከአያት ስም ጋራ ነው፤ የክርስትና ስም ቢጨመር ለጸሎትም ለታሪክም ይረዳል። ማዕርግ ቢኖር በሥዕሉ ጊዜ የነበረው እንጂ በኋላ የተሾሙበት አይጻፍ። በ1915 ዓ.ም. የተነሣን ቀኛዝማች በኋላ ራስ ስለ ኾነ «ራስ» ብሎ የጻፈ ዘመድ፥ ለሚመጣው ታሪክ ጸሓፊ ትልቅ ወጥመድ አኑሯል። ዓመተ ምሕረት ሲጻፍም የማን አቈጣጠር እንደ ኾነ ይገለጽ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች የፈረንጁን እየጻፉ፥ አገር ቤት ያሉት የኢትዮጵያን እየጻፉ፥ አንድ ሠርግ በሰባትና በስምንት ዓመት ልዩነት ኹለት ጊዜ የተደረገ ይመስላል። ሰውየው በሕይወት ሳለ መጠየቅ ከኹሉ ይቀላል። ሽማግሌው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ሲናገር ልጁ ቢጽፍ፥ በአንድ ፋሲካ ሰሞን የሚፈጸም ሥራ ነው።

ዛሬ የቅጂ ነገር ቀላል ኾኗል። በስካነር ወይም በጥሩ ካሜራ የተቀዳ ሥዕል ለወንድሞች ኹሉ በአንድ ቀን ይዳረሳል። ኾኖም ቅጂው ተገኘ ብሎ ዋናውን መጣል ብርቱ ስንፍና ነው። በኮምፒዩተር ያለው ፋይል ከወረቀት ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል፤ መሣሪያው ሲሰበር፥ ስልኩ ሲሰረቅ፥ የምስጢር ቃሉ ሲረሳ አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ በሦስት ስፍራ፥ አንዱም ከቤት ውጪ ይቀመጥ። የአገር ታሪክ የሚነካ ስብስብ ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ወመዘክርን፥ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውንም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊያስብ ይገባዋል። የተራው ከተሜ ሥዕልም ቢኾን የሚናቅ አይደለም። በፈረንጆች 2018 ዓ.ም. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍ ከየሰዉ አልበም በተሰበሰቡ ሥዕሎች የተሠራ ነው።

ከእርጥበትና ከጢስ ይልቅ ብዙ ሥዕል ያጠፋው ግን የመንግሥት መናወጥ ነው። ከሚያዝያ 24 እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሡ ከአዲስ አበባ ከወጡ በኋላና ጠላት ሳይገባ በነበሩት ቀኖች፥ ከተማዪቱ ተዘርፋ ተቃጠለች። በዓመቱ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተዠመረው ጭፍጨፋ ሰዉን ከነቤቱ አቃጠለ፤ በዚያ እሳት ውስጥ ስንት የአባትና የእናት መልክ እንደ ጠፋ የሚቈጥረው የለም። የሚገርመው፥ የፋሽስት ወታደሮች የግፍ ሥራቸውን ራሳቸው ፎቶግራፍ እያነሡ በኪሳቸው ይይዙ ነበርና፥ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ጦር ወንጀሉ ባሳተመው የማስረጃ መጽሐፍ እነዚያው ሥዕሎች ከሳሾቻቸው ኾነው ታተሙ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ ሰው የገዛ ሥዕሉን ፈራ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሽልማት ሲቀበል የተነሣ፥ በመኳንንት ሠርግ የታየ፥ ሥዕሉን ከግድግዳ አወረደ፤ አንዱ አቃጠለው፥ ሌላው በዱቄት ዕቃ ሥር ደበቀው፥ ሌላው የአንዱን ሰው ፊት በምላጭ ቈርጦ አወጣ። እንዲህ የተቈረጠ ሥዕል በቤቱ ያለው ሰው ቀዳዳውን ለማስጠገን አይቸኵል፤ ቀዳዳው ራሱ የዘመኑ ጽሑፍ ነውና። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ግን ለመቅበርም ለማልቀስም ስለ ተከለከሉ፥ ብዙዎቹ የቀረቻቸው አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ነበረች። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳውን የሸፈነው የእነዚያ ሟቾች መልክ ነው። እንዲህ ያለ ጉርድ ፎቶግራፍ ከመታወቂያ ወይም ከትምህርት ቤት ካርድ ላይ ተለጥፎ የተገኘ እንደ ኾነ አይላጥ። ካርዱ እንዳለ ይጠበቅ፤ ግማሹ በፊቱ ላይ፥ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ያረፈው ማኅተም የትምህርት ቤቱን ስምና ቀኑን ይዟልና።