ከማዞሪያዋ ገመድ እስከ ሄድፎናችን

በአገራችን ስለ ስልክ ታሪክ ሲጻፍ ወሬው ሁልጊዜ ከቤተ መንግሥት ይጀምራል። ዐፄ ምኒልክ፣ ራስ መኰንን፣ «ይህስ የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው ተቃወሙ የሚባሉት ካህናት፤ ይኼን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ስለ ገመዱ ግን የሚጽፍ የለም። ገመዱን ከጆሮዋ ጋር አስራ ስለምትውለው የማዞሪያ ሠራተኛማ ጭራሽ አይነሣም። እኛ የምንለው ግን ዛሬ ተማሪው አንገቱ ላይ ጣል አድርጎት የሚዞረው የሄድፎን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ያለው መሰኪያ፣ ከኮረንቲ የሚጠብቀው ዘዴ ሳይቀር፣ የዚያች ሠራተኛ ውርስ ነው። ይህን ያላወቀ ገዢ ገንዘቡን ለሚያብረቀርቅ ልባስ ይከፍላል፤ ማጉያው ደግሞ በአንዲት ብልጭታ ይሞትበታል።

የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1878 ነው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ኤማ ነት የምትባል ሴት ቦስተን ውስጥ ተቀጠረች፤ የመጀመሪያዋ ሴት የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ሥራው የሴቶች ሆኖ ቀረ። ሠራተኛዋ ሰሌዳው ፊት ተቀምጣ አንዱን ደንበኛ ከሌላው የምታገናኘው በገመድ ነበር። የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው የብረት መሰኪያ እስከ ዛሬ በትልልቅ ማጉያዎች ላይ የምናየው ባለ 6.35 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ነው። ጫፍ፣ ቀለበት፣ እጅጌ እየተባለ የሚከፋፈለውም ያኔ ነው። ስልክ ከዲጂታል ዘመን ገብቶ ማዞሪያው ሙዚየም ሲወርድ መሰኪያው ግን ሙዚቃ ቤት ገባ።

መሰኪያው በቀን ስንቴ ይነቀላል፣ ስንቴ ይሰካል? ገመዱስ ስንቴ ይታጠፋል? ተራ የመዳብ ሽቦ ቢሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበጠሳል። የስልክ መሐንዲሶች ያገኙት መፍትሔ የሚያስገርም ነው፤ መዳብን እንደ ወረቀት አሳስተው፣ በቀጭን ጥብጣብ ቆራርጠው፣ በጥጥ ወይም በሐር ክር ላይ ጠመጠሙት። ጉተታውን ክሩ ይሸከማል፣ መዳቡ ኮረንቲ ብቻ ያሳልፋል። ጥበብ ቀሚሳችን ላይ የሚገባውን የወርቅ ቀለም ክር ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ገመድ የተሠሩ የጆሮ ማዳመጫዎች ዛሬም ገበያ ላይ አሉ። አንድ ጉድለት አለው፤ በካውያ ለመበየድ ያስቸግራል፣ ክሩ ይቃጠላልና።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የተጀመረበት ዓመት ተብሎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1894 ነው፤ አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር። ያ ሁሉ ርቀት ራቁቱን በእንጨት ላይ የተዘረጋ ሽቦ ነው። በክረምት በደጋው ላይ መብረቅ ሲወርድ እንዲህ ያለ ሽቦ ምን እንደሚሆን ለአርሲ ሰው ማስረዳት አያሻም። መብረቁ በቀጥታ ባይመታው እንኳ በአቅራቢያው ሲወድቅ በሽቦው ላይ ኃይለኛ ማዕበል ይቀሰቅሳል፤ ያ ማዕበል የሚያልቀው ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ያሰረችው ሠራተኛ ዘንድ ነው። ለዚህ ሁለት ነገር ተሠራ። አንደኛው በመስመሩ መግቢያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት የካርቦን ቁርጥራጮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የወረቀት ውፍረት ያህል ነው፣ አንዱ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። ተራው ንግግር ክፍተቱን አይሻገርም፣ መብረቁ ግን ዘሎ ወደ መሬት ይሄዳል። ሁለተኛው ኋላ የመጣ ነው፤ በማዳመጫው ሁለት ጫፎች ላይ ሁለት ዳዮዶች ፊትና ኋላ ተደርገው ይታሰራሉ፣ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ እነሱ ይቆርጡታል። እነዚህ ነገሮች እስኪገቡ ድረስ ስንት ጆሮ እንደተጎዳ የቆጠረ የለም፤ የንጉሡ ስልክ ግን ተመዝግቧል!

ራዲዮ ሲመጣ ማዳመጫው ከማዞሪያ ቤት ወጣ። በዩታ የሚኖረው ናትናኤል ባልድዊን እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ እቤቱ ኩሽና ውስጥ የሠራውን ሄድፎን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሸጠ። በኛም አገር የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1935፣ ጦርነቱ በራፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሥራ ጀመረ። ጦርነቱ ሲፈነዳ ጣልያኖች የኛን የራዲዮ መልእክቶች እየጠለፉ ይሰሙ ነበር፤ ከማይጨው ውጊያ በፊት ጭምር። ሄድፎን የሙዚቃ ዕቃ ብቻ የሚመስለው ወጣት ይህን ልብ ይበል። የዚያ ዘመን ማዳመጫ 2000 ኦም ገደማ ስለነበር የገመዱ ውፍረት ምንም አያመጣም ነበር። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በቫልቭ ራዲዮ የቫልቩ ኮረንቲ ራሱ በማዳመጫው ገመድ ውስጥ ያልፋል፣ 45 ቮልት፣ 90 ቮልት እያለ። ልባሱ የተላጠ ገመድ የነካ ይነዘራል። ከሁለቱ ገመዶች አንዱ ላይ የተለየ ቀለም ያለው ክር የሚያስገቡትም ተገልብጦ ተሰክቶ ማግኔቱን እንዳያደክመው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው፣ እንለፈው፤ ጆን ኮስ እ.ኤ.አ. በ1958 የስቴሪዮ ሄድፎን አወጣ፣ ሶኒ በ1979 ዎክማንን አመጣ፣ አይፎን በ2016 የሄድፎን ቀዳዳውን ደፈነ። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው በመሐሉ የሆነው ነው። ቫልቭ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተሩም በአይሲ ተተካ። ቫልቭ እንደ ገበሬ በሬ ነው፣ ብልጭታ አይገድለውም። አይሲ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ግን መከለያቸው እጅግ ስስ ነው። ሰው ጣቱ ላይ ጠቅ ሲል የሚሰማው 3000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ አንዳንዱ አይሲ የሚሞተው ግን በጥቂት መቶ ቮልት ነው። ማለት፣ እኛ ምንም ሳይሰማን ዕቃው ሊሞት ይችላል። የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1980 በስታቲክ ላይ የራሱን ደንብ ያወጣው ወዶ አይደለም። ችግሩም ዛሬ አላለቀም፤ ከ2020 በኋላ እንኳ በመለኪያ አንደኛ የተባለ አንድ የቻይና ማጉያ ቁልፉን በነኩት ሰዎች ስታቲክ እየተበላሸ፣ ማዳመጫውን ይዞ የሄደበት ጊዜ ነበር።

አሁን ሁሩታ እንግባ። በሎዴ ሄጦሳ ከተማችን ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሰዉ ናይለን ሹራብ በሱፍ ብርድ ልብስ ላይ ደርቦ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ሥር የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ ያዳምጣል። ከዚህ የበለጠ የስታቲክ ፋብሪካ የለም! ማታ መብራት ጠፍቶ ሹራቡን ሲያወልቅ ጠስ ጠስ እያለ ብልጭታ ያላየ የሁሩታ ልጅ ካለ ይንገረን። ደረቅ አየር የተሰበሰበውን ቻርጅ አያፈሰውም፤ ሰውየው ተነሥቶ መሰኪያውን ሲይዝ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ማጉያው ይገባል። በዚህ ላይ ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ግራውንድ የለውም፣ ወይም ሦስተኛው እግር ተሰብሯል። ከጓደኞቻችን የአንዱ ማጉያ ባለፈው በጋ የግራ ጆሮው ድምፅ የጠፋው በእንዲህ ያለ ምሽት ነው፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ «ገመዱ ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላል። ሻጩ እንደዚያ ብሎታላ!

ስለዚህ ስለ ገመድ ሒሳቡን እንሥራ። 3 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 0.14 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ሄዶ ሲመለስ ወደ 0.74 ኦም ይመጣል። ባለ 32 ኦም ሄድፎን ላይ ይህ የሚቀንሰው ድምፅ 0.2 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጆሮ ያለው ይስማው። ባለ 300 ኦም ላይ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ብር ነው፣ ንጹሕ መዳብ ነው እያሉ በአሥር እጥፍ ዋጋ መሸጥ ንግድ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። መታየት ያለበት ማዞሪያዋ ያስተማረችን ነገር ነው፤ መሰኪያው ሥር ያለው ጎማ ገመዱን ከመታጠፍ ያድነዋል ወይ? ቀኝና ግራ የየራሳቸው መመለሻ ሽቦ አላቸው ወይስ አንዱን ይጋራሉ? ልባሱ ልብስ ላይ ሲፈተግ ጆሮ ውስጥ ኳ ኳ ይላል ወይ? በጥጥ የተሸፈነ ገመድ እንደ ፕላስቲኩ ቻርጅ አይሰበስብም፣ ይህም ለኛ ደጋ አንድ ጥቅም ነው።

ስታቲኩን የሚከለክለው ግን ገመዱ አይደለም፣ ወደ መሬት የሚሄደው መንገድ ነው፤ ልክ እንደ ካርቦኖቹ። ባለ ሦስት እግር ሶኬቱ እውነተኛ ግራውንድ እንዳለው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይረጋገጥ። ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ ይህ ገዳይ ነው፣ አይሞከርም። ከወንበር የተነሣ ሰው መሰኪያውን ከመያዙ በፊት የማጉያውን የብረት አካል ይንካ፣ ጠቅ የሚለው እዚያ ይለቅ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሄድፎኑን ከጆሮው አውርዶ ይሰካ። ፕላስቲክ ምንጣፉ በጥጥ ይተካ፣ ወይ እርጥብ ጨርቅ ይለፍበት። ጠጋኞች የእጅ አምባር አስረው ወደ ግራውንድ የሚያገናኙት አለ፤ በመሐሉ 1 ሜጋ ኦም ተከላካይ ከሌለው ግን እንዳይታሰር፣ 220 ቮልት ቢመጣ የሚያድነው እሱ ነውና። ክረምት ሲገባ ስታቲኩ ይጠፋል፣ መብረቁ ግን ይመጣል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ማጉያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሶኬቱ ይነቀል።

አዳማ ወርዶ ገመድ የሚገዛ ጓደኛ ቴስተር ይዞ ይሂድ። ሁለቱን ጫፎች ለክቶ ቁጥሩን ይይ፣ ከዚያ ቴስተሩን ሳያነሣ መሰኪያው ሥር ያለውን ቦታ ወዲያና ወዲህ ያጣጥፈው። ቁጥሩ ከዘለለ ገመዱን ለሻጩ መልሶ ሌላ ይጠይቅ።