የገበሬ ድግስ፣ የከተሜ ሳቅ

«ከርሚስ» የሚለው የደች ቃል ከቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ የመጣ ነው፤ በእኛ አነጋገር የደብሩ ንግሥ እንደ ማለት ነው። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድ (ያኔ የዛሬዋን ቤልጂየም ትጨምራለች) በዓሉ በጸሎት ተጀምሮ በጭፈራና በቢራ፣ አልፎ አልፎም በቡጢ ያልቅ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1531 ባወጣው አዋጅ ከርሚስ ከአንድ ቀን እንዳያልፍ ደነገገ። የሠርግ እንግዶችን ቁጥር ሳይቀር ገደበ።

ከ28 ዓመታት በኋላ ግን ድግሱ አልቀረም። ሠዓሊው ፒተር ብሩጌል በ1559 ገደማ በነደፋቸው ሁለት ሥዕሎች ከነሙሉ ሁካታው እናገኘዋለን። ሥዕሎቹ በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጸው በወረቀት እየታተሙ አንትወርፕ ውስጥ የተሸጡ ናቸው። በአንትወርፕ አቅራቢያ ያለችውን የሆቦከንን መንደር በሚያሳየው ላይ ቀስተኞች ዒላማ ይመታሉ፣ ምዕመናን ተሰልፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ፣ ሌላው ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። ከሥሩ የታተመው ግጥም ገበሬዎቹን እንደ እንስሳ የሚጠጡ ይላቸዋል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ከርሚስ በሚያሳየው በሁለተኛው ሥዕል ላይ ደግሞ ከመጠጥ ቤቱ የተሰቀለው ባንዲራ «ገበሬዎቹ ከርሚሳቸውን ያክብሩ፣ ተዉአቸው» የሚል መልእክት ይዟል።

ገዢው ማንበብ የሚችል፣ ገንዘብ ያለው ከተሜ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ የከተማው ሠራተኛም ከቅጥሩ ውጭ የቢራው ቀረጥ ስለሚቀልለት ወደ መንደሮቹ ይወጣ ነበር። ስለዚህ የሚሳቅበት ገበሬው ብቻ አልነበረም።

የታሪክ ጸሐፊው ካሬል ቫን ማንደር በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው ብሩጌል ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ፣ የሙሽሮቹ ዘመድ ነኝ እያለ፣ ስጦታ ይዞ ሠርግ ይታደም ነበር። ታሪኩ እውነት ከሆነ ወዳጅነት ነው ወይስ ስለላ? ምሁራንም አልተስማሙም። በ1970ዎቹ ስቬትላና አልፐርስ ሥዕሎቹን የደስታ ሳቅ ስትላቸው ሄሰል ሚደማ ግን ተግሣጽ ናቸው ሲል ሞገተ። ይህ ጸሐፊ የሕግ እንጂ የሥነ ጥበብ ሰው አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱ ሥዕሎች የሚያሳዩት ድግስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ፍርዱን የሚለያየው የተጻፈበት ቃል ነው፤ ቃሉን ያጻፈው ደግሞ ጨፋሪው አይደለም።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሐርለሙ አድሪያን ቫን ኦስታደ ሃምሳ ያህል ኅትመቶች ሠራ። እሱም መጠጥ ቤቱንና ጭፈራውን አልተወም። በ1653 ባወጣው አንድ ኅትመት ግን አንድ ድሃ ቤተሰብ ከመብላቱ በፊት ገበታው ዙሪያ ሆኖ ይጸልያል።