የጎረቤት ሙቀት

ራዲያተር ሲባል ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ቶሎ የሚመጣልን የመኪናው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር ግን የቤት ዕቃ ነው፤ ሙቅ ውሃ በውስጡ እያለፈ ክፍሉን የሚያሞቅ ብረት። ፈልሳፊው ነው የሚባለው ፍራንዝ ሳን ጋሊ የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ባለፋብሪካ ነው፤ ዘመኑም 1850ዎቹ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

እኛን የገረመን ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ሶቪየት ኅብረት በክሩሽቼቭ ዘመን፣ በተለይ ከ1957 ወዲህ፣ ባለአምስት ፎቅ አፓርታማዎችን በገፍ ስትሠራ በብዙዎቹ ሙቁን ውሃ የሚያዞረው አንድ ቧንቧ ነበር። ውሃው ከአንዱ ቤት ራዲያተር ወጥቶ ወደ ሌላው ቤት ይገባል። ታዲያ «በረደኝ» ብሎ ተጨማሪ ራዲያተር የሚያስገባ ሰው የራሱን ቤት ያሞቅና ለቀጣዩ የቀዘቀዘ ውሃ ይልክለታል። በየቤቱ ቆጣሪ የለም፤ ሒሳቡ በቤቱ ስፋት ነው። በጣም የሞቀው መስኮት ይከፍታል፣ የበረደው ካፖርት ይደርባል። ጠብ ባይነሳ ነው የሚገርመው!

የሩሲያ መንግሥት በ2011 ባወጣው ደንብ ነዋሪ በራሱ ሥልጣን ማሞቂያውን ከተፈቀደው በላይ እንዳያሳድግ ከልክሏል። በብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ግን ቧንቧው ዛሬም ያው አንዱ ነው።