ፕላዝማው ከየኔታ ያልተማረው

ጎንደር የባዕድ ቋንቋን የቃላት አሰላለፍ በጆሮ መለማመድ የጀመረችው እንግሊዝኛ ሲመጣ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ ስሙን ያስጠሩት የታች ቤት ትርጓሜ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈው በቃል ነው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ግእዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ብሎ ግሱን ያስቀድማል። አማርኛ «ሰውየው ዳቦ በላ» ብሎ መጨረሻ ላይ ያሳርፈዋል። እንግሊዝኛ «ዘ ማን ኤት ብሬድ» ብሎ መሃል ያስገባዋል። የአብነት ተማሪ ግእዙን ወደ አማርኛ ማዞር የለመደው ሰምቶ፣ ደጋግሞ፣ ሲሳሳትም የኔታ አርመውት ነው።

በ1947 ዓ.ም የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲከፈት እንግሊዝኛ በዚያችው ከተማ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ከስሜን ደጋ ወርዶ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ከሳተላይት የሚመጣ እንግሊዝኛ ይሰማ ጀመር። መስማቱስ ሰማ። ስርጭቱ ግን አይቆምም፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጁ መለሰም አልመለሰም ያልፋል። ግሱን አማርኛ እንደለመደው መጨረሻ ላይ ቢያስቀምጠው ማን ሰምቶት ያርመው? የክፍሉ መምህርም የቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነበር።

ጥፋቱን «ልጆቹ እንግሊዝኛ አይገባቸውም» ብሎ በእነሱ ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው። ዛሬ የእጅ ስልክ ድምፁን ያቆማል፣ ይደግማል። ስለዚህ የየኔታ ዘዴ ሁለት ሦስተኛው በየኪሱ አለ። የቀረው ልጁ የሰማውን መልሶ ሲናገር ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው መምህር ነው፤ እሱን ደግሞ ሳተላይት አያወርደውም።