ደንብ የወለደው ሞተር፦ የስካይላይን ጂቲ-አር ስድስት ስሮትሎች

በኦገስት 1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒሳን ለጃፓን ገበያ ያቀረባት ስካይላይን ጂቲ-አር በሞተር ክዳኗ ሥር አንድ እንግዳ ነገር ይዛ ነበር። አርቢ26ዲኢቲቲ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2,568 ሲሲ ሞተሯ ሁለት ቱርቦ አለው፤ ይህ ያን ያህል አያስገርምም። የሚያስገርመው ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍቱና የሚዘጉት ስሮትሎች ስድስት መሆናቸው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። በዘመኑ ለመንገድ የሚሸጥ ቱርቦ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስሮትል ይበቃው ነበር። የኒሳን መሐንዲሶች ስድስት ለምን አስፈለጋቸው? ከመኪና ወዳጆች በብዛት የሚሰማው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ለጉልበት ነው» ይላል፣ ሌላው «ለጌጥና ለስም ነው»። ሁለቱም አያሳምኑም። እነዚያ ስድስት ስሮትሎች እዚያ የተገኙት የውድድር ደንብ ስላስገደደ ነው፤ ሥራቸውም ጉልበት መጨመር ሳይሆን የሾፌሩ እግር ባዘዘና ሞተሩ በታዘዘ መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር ነው።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ስሮትል የሚቀመጥበትን ቦታ እንመልከት። ተራ ሞተር ላይ አንዱ ስሮትል አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ አፍ ላይ ነው ያለው። ከእሱ እስከ ሲሊንደሩ ቫልቭ ድረስ የአየር ማጠራቀሚያው ክፍልና ስድስቱ ቱቦዎች አሉ፤ በአንድ ላይ ሲታዩ ሰፊ ባዶ ቦታ ናቸው። ሾፌሩ እግሩን ሲያነሳ ስሮትሉ ይዘጋል፣ ፒስተኖቹም ያን ቦታ እየመጠጡ ያራቁቱታል። መልሶ ነዳጅ ሲሰጥ አየሩ አስቀድሞ ባዶውን መሙላት አለበት፤ ሲሊንደሩ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ የቤት ቧንቧ መጀመሪያ አየር እንደሚተፋው ዓይነት ነው። ስሮትሉ ከቫልቩ አጠገብ ሲሆን ግን የሚሞላው ባዶ ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። ቱርቦ የሌላቸው የውድድር ሞተሮች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ስሮትል ሲሰጡ የኖሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ሲጨመር ደግሞ መዘግየቱ ሁለት ይሆናል። አንደኛው የታወቀው ነው፦ የጭሱ ግፊት ተርባይኑን አሽከርክሮ አየሩን እስኪያምቀው የሚፈጀው ጊዜ። ሁለተኛው አሁን የተባለው የማኒፎልድ መሙላት ነው። ስድስት ስሮትል የመጀመሪያውን መዘግየት አይፈውስም፤ ይፈውሳል የሚል ካለ ተሳስቷል። ሁለተኛውን ግን ከሞላ ጎደል ያስወግደዋል።

አሁን ወደ ደንቡ እንምጣ። ግሩፕ ኤ የሚባለው የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ምድብ ከ1982 ጀምሮ የሠራ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡ ውድድር ላይ የሚቀርበው መኪና ለሕዝብ ከሚሸጠው ጋር አንድ መሆን አለበት የሚል ነበር። ፋብሪካው በ12 ወር ውስጥ 5,000 መኪና መሥራት ይጠበቅበታል። ከዚያ በኋላ ማሻሻያ ቢፈልግ የተሻሻለውን ዓይነት ቢያንስ 500 መሥራት ነበረበት። ወሳኝ የሆኑት የሞተር ክፍሎች የተመዘገቡት ራሳቸው መሆን አለባቸው፤ ለውድድር ብቻ የተሠራ ቱርቦ ወይም ማኒፎልድ አምጥቶ መግጠም አይቻልም። በዚህ ላይ የቱርቦ ሞተር መጠን በ1.7 እየተባዛ ነው ምድቡ የሚወሰነው። ኒሳን መጀመሪያ ያሰበው 2.35 ሊትር ገደማ የሆነ ሞተር ነበር፤ በ1.7 ሲባዛ ከ4,000 ሲሲ ጥቂት ዝቅ ይላል። መኪናዋ በአራቱም ጎማ እንድትነዳ ሲወሰን ግን ክብደቷ ጨመረ፣ ስለዚህም ሰፋ ያለ ጎማ ወደሚፈቅደው ወደ 4,500 ሲሲ ምድብ ወጡ። 2,568 በ1.7 ሲባዛ 4,366 ሲሲ ገደማ ይሆናል። የሞተሩ መጠን ራሱ፣ ያ ለንግድ እንግዳ የሆነ 2.6 ሊትር፣ ከገበያ ጥናት ሳይሆን ከማባዣ ቁጥር የተገኘ ነው። መጠኑን የወሰነው ደንብ ከሆነ፣ ስሮትሉንም እሱ ወስኖታል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

የዚያን ዘመን ፋብሪካዎች ጠባይ ለሚያውቅ ጥርጣሬው አዲስ አይደለም። ፎርድ በ1987 ያወጣት ሲየራ አርኤስ500 ኮስዎርዝ ለአራት ሲሊንደር ስምንት የነዳጅ መርጫዎች ነበሯት፤ አራቱ ግን መንገድ ላይ ሥራ አልነበራቸውም፣ ሳይገናኙ ነው የተሸጡት። እዚያ የነበሩት ውድድር ላይ እንዲሠሩ ብቻ ነው፤ ሳይሸጡ ቢቀሩ ውድድሩም ላይ ባልተፈቀዱ ነበር። ኒሳንም በ1990 መጀመሪያ ጂቲ-አር ኒስሞ የተባለች ማሻሻያ አውጥታ ነበር። የመንገዷ መኪና የቱርቦ ተርባይኖች ከሴራሚክ የተሠሩ ስለነበሩ በውድድሩ ግፊትና ሙቀት እንደሚሰባበሩ ታወቀ፤ ኒስሞዋ ላይ በብረት ተርባይን ተተኩ። ለመንገድ መኪና ገዢ የሴራሚኩ ተርባይን የተሻለ ነበር፤ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይሽከረከራል። ብረቱ የተመረጠው ደንቡ ከተሸጠው ሌላ ስለማይቀበል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ ግን ከኒሳን ቤት ውስጥ የሚገኘው ነው። በዚያው ዘመን የተሸጠችው ተራዋ ስካይላይን ጂቲኤስ-ቲ አርቢ20ዲኢቲ የተባለ ባለ 2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ነበራት፤ የአርቢ26 ወንድም ነው። ስሮትሉ አንድ ነው። በ1993 የመጣው ባለ 2.5 ሊትሩ አርቢ25ዲኢቲም አንድ ነበረው። በአራት ሲሊንደር በኩል ደግሞ ሲልቪያ ላይ የተገጠመው ኤስአር20ዲኢቲ አንድ ስሮትል ሲኖረው፣ ያው ሞተር ፑልሳር ጂቲአይ-አር ላይ ሲገጠም አራት ስሮትል ይዞ መጣ። ፑልሳሯ ምን የተለየ ነገር ነበራት? ለዓለም የራሊ ሻምፒዮና በግሩፕ ኤ ለመመዝገብ የተሠራች መኪና መሆኗ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የሞተር ቤተሰብ፣ ተቀራራቢ ዓመታት፤ ለሱቅና ለሥራ መመላለሻ የታሰበው አንድ ስሮትል፣ ለዚህ ደንብ የታሰበው ለየሲሊንደሩ አንድ። ይህን የሚያህል ንጹሕ ንጽጽር በሞተር ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አድርጎ ማለፍ አይገባም። በ1969 የወጣችው የመጀመሪያዋ ስካይላይን ጂቲ-አር ኤስ20 የተባለ፣ 1,989 ሲሲ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበራት፤ አየር የሚገባበትም ሦስት ጥንድ ሶሌክስ ካርቡራተሮች ነበሩ። ማለትም ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አፍ። የአርቢ26 ስሮትሎችም ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት አካል ነው የተሠሩት። መመሳሰሉ ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ ነገሩ የአያትን መልክ ለልጅ ልጅ ማውረስ ብቻ ነው የሚል ሰው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁንና ፑልሳሯ አያት አልነበራትም። በስሟ የምትኮራበት የውድድር ታሪክ ሳይኖራት፣ አራት ስሮትል ተሰጣት። ከዚህም ሌላ የጂቲ-አሯ ስድስት ስሮትሎች ለዓይን የተዘጋጁ አይደሉም። ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ስድስቱ የአየር አፎች ክፍት ሆነው ይታያሉ፣ ድምፃቸውም ይሰማል፤ እዚህ ግን የታመቀውን አየር የያዘው የአሉሚኒየም ሳጥን ከኋላቸው ደፍቶባቸዋል። ክዳኑን ከፍቶ ለሚያደንቅ ጎረቤት የሚታየው ሳጥኑ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመካኒኮች ዘንድ የሚመጣ ነው፤ እኔ በበኩሌ የተሻለው እሱ ይመስለኛል። ይህን ሞተር ለቀጥታ መስመር እሽቅድምድም የሚያዘጋጁ ብዙዎች ስድስቱን ስሮትሎች አውልቀው አንድ ትልቅ፣ ብዙ ጊዜ 90 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስሮትል ይገጥማሉ፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ታዲያ ስድስቱ ጥቅማቸው የቱ ላይ ነው? በወረቀት ላይ ነገሩ ግራ ያጋባል። የእያንዳንዱ ስሮትል ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስድስቱ ቀዳዳ ቢደመር ከአንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ስሮትል ጋር ይተካከላል፣ ስለዚህ ባለ 90ው ሊያፍነው በተገባ ነበር። ግን ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ጊዜ አይተነፍሱም። የመግቢያ ቫልቭ ከ720 ዲግሪው ዙር ውስጥ ወደ 240 ገደማው ላይ ክፍት ነው ብንል፣ በማንኛውም ቅጽበት አየር የሚስቡት በአማካይ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻ ናቸው። ሁለት ባለ 45 ቀዳዳዎች ደግሞ ከአንድ ባለ 64 አይበልጡም። ሌሎቹ አራቱ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አንዱን ትልቅ ስሮትል ግን ሁሉም በየተራቸው ሙሉውን ይጠቀሙበታል። መካኒኮቹ እውነታቸውን ነው፤ ለከፍተኛ ጉልበት ትልቁ ይሻላል። ይህ ግን የሚያፈርሰው «ለጉልበት ነው» የሚለውን መልስ እንጂ የእኔን አይደለም። በቀጥታ መስመር የሚሽቀዳደም ሰው ነዳጁን ረግጦ እስከ መጨረሻ አይለቅም፤ ስሮትሉ አንዴ ይከፈታል፣ አለቀ። በኩርባ የተሞላ የትራክ ውድድር ላይ ያለ ሾፌር ግን በየዙሩ ደጋግሞ ያነሳል፣ ይረግጣል፣ በግማሽ ይይዛል። ኒሳን ያሰበችው ለሁለተኛው ነበር። ሁለት ትንንሽ ቱርቦ በአንድ ትልቅ ፈንታ፣ ቀላል የሴራሚክ ተርባይን፣ ለየሲሊንደሩ ስሮትል፦ ሦስቱም ወደ አንድ ግብ ያመለክታሉ፣ እሱም ፈጣን ምላሽ ነው።

ዋጋው ርካሽ አልነበረም። ስድስት ስሮትሎች እኩል መከፈት አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከተለየ ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። በየቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት የሚዘልና የሚወርድ ስለሆነ፣ የፍሬን ረዳቱ የሚፈልገውን ሳብ ከስድስቱም እየለቀሙ ማጠራቀም ያስፈልጋል። ኒሳን የአየሩን መጠን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮችን፣ ለእያንዳንዱ ቱርቦ አንድ፣ ከሁሉም ፊት አስቀመጠች። ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አንዲት ፈረስ አልጨመረም። የጃፓን ፋብሪካዎች በስምምነት ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለማወጅ የተማማሉበት ዘመን ስለነበር፣ ጂቲ-አሯ የተሸጠችው በዚያው በ280 ነው። ለገዢ የማይታይ፣ በወረቀት ላይ የማይጻፍ፣ ለመካኒክ ራስ ምታት የሆነ ክፍል ነጋዴ ለንግድ ብሎ አይሠራም።

ውድድሩ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ጂቲ-አር ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች አንድም ሳታስቀር አሸነፈች። በ1991 የቤልጂየሙን የስፓ 24 ሰዓት ውድድር ወሰደች። አውስትራሊያ ባተርስት ላይ ሾፌሮቹ ጂም ሪቻርድስና ማርክ ስካይፍ በ1991 እና በ1992 አከታትለው ድል አደረጉባት፤ ሁለተኛው ድል በከባድ ዝናብ ውድድሩ ተቋርጦ፣ የተጋጨችው መኪናቸው ወደኋላ በተቆጠረ ዙር አሸናፊ የተባለችበት ነው፣ ተመልካቹም በጩኸት ተቃወመ። ይህን ሁሉ ለስሮትሎቹ መስጠት ግን ስህተት ነው። እንደ ሁኔታው ጉልበትን ወደ ፊት ጎማዎች የሚልከው የአራት ጎማ አነዳዷ ከሁሉ ይበልጣል። ስሮትል ብቻውን ድል እንደማያመጣ ፑልሳሯም ምስክር ናት፤ አራት ስሮትሏን ይዛ በ1991 እና በ1992 በዓለም ራሊ ብትሞክርም አንድም ውድድር አላሸነፈችም። የታመቀውን አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለሯ ከጋለው ሞተር አናት ላይ መቀመጡ አየሩን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያሞቀው ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት ስሮትል አይሸፍነውም።

የመጨረሻው ጥያቄ፦ ደንቡ ነው ካልን፣ በጃፓን ግሩፕ ኤ ከ1993 በኋላ ሲቀር ስሮትሎቹ ለምን አብረው አልቀሩም? አርቢ26 እስከ ኦገስት 2002 ድረስ፣ በሁለት ተከታይ ጂቲ-አሮች ላይ፣ ስድስቱን እንደያዘ ተሸጧል። መልሱ የፋብሪካ ሒሳብ ነው። የሞተሩ ራስ፣ ማኒፎልዱና የኮምፒዩተሩ ቀመር በእነሱ ዙሪያ ተሠርቶ ወጪው ተከፍሏል፤ በዓመት በጥቂቱ ለሚሸጥ መኪና ሌላ ማኒፎልድ መንደፍ አዲስ ወጪ ነበር። ኒሳን ከባዶ ለመጀመር ዕድል ባገኘች ጊዜ ምን እንዳደረገች ማየት ይበቃል። በ2007 የወጣችው ጂቲ-አር አዲስ 3.8 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 ሞተር ይዛ ስትመጣ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙ ሁለት ስሮትሎች ብቻ ነበሯት። ቢኤምደብልዩም ኤም መኪኖቹን ወደ ቱርቦ ሲያሻግር ለአሠርት ዓመታት ይታወቅበት የነበረውን የየሲሊንደሩን ስሮትል ተወ። የኤሌክትሮኒክስ መሻሻል አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ግን ሌላም አለ። በ2008 ይህችው አዲስ ጂቲ-አር በጃፓን ሱፐር ጂቲ ከፍተኛው ምድብ ስትወዳደር፣ ከክዳኗ ሥር የነበረው ለሕዝብ የሚሸጠው ቪ6 አልነበረም፤ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.5 ሊትር ቪ8 ነበር። ደንቡ ፈቅዷል።